ምስር ለቃሚዋ ልጅ፦ የአንድ ፖርትሬት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሐምሌ 2

አዲስ ሥራ ይዣለሁ። የምኖርበትም የምሠራበትም ክፍል አራት ኪሎ ነው፤ ከቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ብዙም ሳይርቅ፣ ብዙ ቤተሰብ በሚጋራው አሮጌ ግቢ ውስጥ። ከታች በኩል የሚኖሩት እማማ ትናንት ማታ መጥተው የልጅ ልጃቸውን እንድሥልላቸው ጠየቁኝ። ልጅቱ ስምንት ዓመቷ ነው። እናቷ ቤሩት ከሄደች ቆይታለች፤ የምታያት በስልክ ብቻ ነው።

«ስትመጣ ይቺ አድጋ ነው የምታገኛት፤ በዚህ ዕድሜዋ እንዴት ያለች እንደነበረች የማሳያት ነገር ይኑረኝ» አሉኝ እማማ።

«ፎቶ አለ አይደል?» አልኳቸው።

«ፎቶውማ ሞልቷል ልጄ። ፎቶው ላይ ሁልጊዜ ትስቃለች። እሷ ደግሞ እንደዚያ የምትስቅ ልጅ አይደለችም።»

ይህን ከሰማሁ በኋላ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ብዙ ሠዓሊ ልጅ ሲሥል የሚሥለው ልጅነትን ነው፦ ሞላ ያለ ጉንጭ፣ ትልልቅ ዓይን፣ ፈገግታ። ጠባይ ከዕድሜ ጋር የሚመጣ፣ በግንባር ላይ መስመርና ከዓይን ሥር እጥፋት ሲኖር ብቻ የሚታይ ተደርጎ ይወሰዳል። እኔ ይህን አልቀበልም። ግቢ ውስጥ ከልጆች ጋር የኖረ ሰው፣ ገና ድክ ድክ የሚለው ሕፃን እንኳ የራሱ አመል እንዳለው ያውቃል። ችግሩ መስመር የሌለበት ፊት ላይ አመሉን ከየት እንደምናነበው ነው። ይህን ማስታወሻ የምይዘው እሱን እየፈለግሁ ስለሆነ ነው።

ሐምሌ 4

ዕቃ መሰብሰብ። አቡጀዲውን ከመርካቶ አመጣሁ፤ ወፈር ያለውን፣ ክሩ የተጠጋጋውን መረጥኩ። የሸራው ፍሬም 70 በ 90 ሳንቲ ሜትር ነው። አናጢው በባሕር ዛፍ ሊሠራልኝ ነበር፤ ዋንዛ ይሁንልኝ አልኩት። ባሕር ዛፍ በተለይ ሳይደርቅ ከተቆረጠ ይጣመማል፤ ፍሬም ሲጣመም ሸራውን ይዞት ይሄዳል። ዋንዛ ዋጋው ከበድ ይላል፣ ግን አንዴ ከደረቀ አይነቃነቅም። ይህ ስዕል ደግሞ ብዙ ዓመት እንዲቆይ የታሰበ ነው።

ሸራውን ወጥሬ መጀመሪያ ኮላ፣ ከዚያ ነጭ አክሪሊክ ጄሶ (ቀለሙን የሚሸከመውን መነሻ ቅብ) ቀባሁት። ኮላው የሚያስፈልገው በዘይት ቀለሙ ውስጥ ያለው የተልባ ዘይት በቀጥታ ጨርቁን ካገኘው ክሩን ቀስ በቀስ ስለሚበላው ነው። ጄሶው ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጌ፣ ላዩን በሥሡ ቡናማ ግራጫ አለበስኩት። በነጭ ሸራ ላይ ጠይም ፊት ሲጀመር የሚቀባው ሁሉ የጠቆረ ስለሚመስል እጅ ይፈራል፤ ሳያውቁት ያነጡታል። መካከለኛ መደብ ላይ ሲጀመር ግን ጨለማውም ብርሃኑም ልኩን ይዞ ይመጣል።

ሐምሌ 6

ስለ ብርሃን። ከአውሮፓ የመጡ የስዕል መጻሕፍት በሙሉ «የሰሜን መስኮት» ይላሉ፤ እዚያ ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለማትገባ ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ አይለዋወጥም። አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን ወደ ሰሜን ታልፋለች፤ በሰኔ አጋማሽ 14 ዲግሪ ያህል ትርቃለች። ስለዚህ በክረምት የመጽሐፉን ምክር ተከትሎ ሰሜን መስኮት ሥር የተቀመጠ ሠዓሊ፣ ደመናው በተከፈተ ቁጥር ፀሐይዋ ሸራው ላይ ትወጣበታለች። በዚህ ወቅት የሚያስፈልገን የደቡብ መስኮት ነው። በጥቅምትና በኅዳር ይገለበጣል።

ክፍሌ ሁለቱም አለው። የሰሜኑን በብርድ ልብስ ጋረድኩት። የደቡቡ መስኮት የክረምቱ ደመና ሲጫነው የሚሰጠው ብርሃን ግራጫ፣ ቀዝቀዝ ያለና የተረጋጋ ነው። ከጠዋቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝናብ ይመጣና ክፍሉ ይጨልማል።

ሐምሌ 9

ልጅቱ መጣች። እማማ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ አልብሰዋታል፤ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ፈገግ አለች። ያው የፎቶው ፈገግታ ነው። እስክጨርስ እንደዚያው ሆና ልትቆይ ተዘጋጅታለች፤ የታዘዘችውን የምትፈጽም ልጅ ናት። በከሰል ጥቂት ንድፍ ሠርቼ ተውኩት። ጥሩ ልጅ፣ ጥሩ ቀሚስ፤ ማንነቷ ግን የለበትም።

ይልቅ ልኬት ወሰድኩ። የአዋቂ ሰው ዓይን ከአናቱ እስከ አገጩ ባለው ቁመት ልክ እኩሌታው ላይ ነው። የልጅ ዓይን ግን ከእኩሌታው ዝቅ ይላል፤ ግንባሩ ሰፊ፣ አገጩ ትንሽ ስለሆነ። የዓይን ጥቁሩ ክብ ከሁለት ዓመት ገደማ ጀምሮ የአዋቂን ያህል ነው ማለት ይቻላል፤ ፊቱ ገና ትንሽ ስለሆነ ነው የልጆች ዓይን ትልቅ የሚመስለን። የአፍንጫዋ ድልድይ ዝቅ ያለ ነው፤ ከጎን ሲያዩት እንጂ ከፊት ጥላ የለውም ማለት ይቻላል። እዚያ ላይ ትንሽ ጥላ የጨመረ ሠዓሊ የሃያ ዓመት ልጃገረድ አሳንሶ ሣለ ማለት ነው።

በስልክም አነሣኋት፤ ከሁለት ሜትር ርቄ። ስልክ ተጠግቶ ሲያነሣ አፍንጫን ያሳብጣል፣ ጆሮን ወደ ኋላ ይወስዳል። «ማሳመሪያ» የሚባለውንም ማጥፋት ያስፈልጋል፤ ቆዳዋን ከመልኳ ያፈካዋል። ፎቶው ለልብሱ እጥፋትና ለእጅ አቀማመጥ ይረዳኛል፤ ለፊቷ አልጠቀምበትም።

ሐምሌ 13

ዛሬ ስዕሉን አገኘሁት።

እማማ ልጅቱን ይዘው ሲመጡ ሰፌድ ላይ ምስር ይዘው ነበር፤ «እኔ ጠበል ልሄድ ነው፣ እግረ መንገዷን ትልቀምልኝ፣ ይቅር ትላለሽ» አሉኝ። የሐበሻ ቀሚሱ ቀርቶ የትምህርት ቤት ሹራቧን ለብሳለች፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ ክንዱ ላይ የሳሳ። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ለቀማውን ጀመረች። እኔ የመሣያ ከሰሌን እየቀረጽኩ ዝም አልኩ።

ልጅ ምስር ሲለቅም ጠጠሩን ወዲያ ነው የሚጥለው። እሷ አትጥልም። እያንዳንዱን ጠጠር በሰፌዱ ጠርዝ ላይ በተራ ትደረድረዋለች። ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ። እንክርዳዱ ደግሞ ለብቻው። ግራ ገብቶኝ ለምን እንደሆነ ጠየቅኋት።

ቀና አለች። ጭንቅላቷ እንዳጎነበሰ ዓይኗ ብቻ ወደ ላይ መጣ፤ ጣቷ አሁንም አንዲት ጠጠር ላይ ነው። ከላይ እስከ ታች አየችኝ፤ መልሱ ለእኔ የሚገባኝ እንደሆነ የምትመዝን ትመስላለች።

«ቆጥሬ ለባለሱቁ ላሳየው ነው» አለችኝ። «በጠጠር መዝኖ ነው የሸጠልን።»

ተመልሳ ሥራዋን ቀጠለች። እኔ ያየሁት ያንን ቀና ያለችበትን ቅጽበት ነው። እማማ «እንደዚያ የምትስቅ ልጅ አይደለችም» ያሉት ይህን ነበር። ልጅቱ ክፉ አይደለችም፣ ዝምተኛም አይደለችም። ነገር ልኩን እንዲይዝ የምትፈልግ፣ ከማመኗ በፊት የምትመረምር ሰው ናት። ይህ በፊቷ ብቻ አይነበብም። ፊቷን፣ ጣቷንና ያንን የጠጠር ሰልፍ አንድ ላይ ስታየው ነው የሚገባህ።

ሐምሌ 14

እማማን ማሳመን ነበረብኝ። መጀመሪያ ሹራቡ አልጣማቸውም፤ «ልብስ የሌላት ትመስላለች» አሉ። አረንጓዴው የቆዳዋን ሙቀት እንዴት እንደሚያወጣው በትንሽ ካርቶን ላይ ቀብቼ ከነጩ ቀሚስ ጎን አሳየኋቸው። ዝም ብለው አዩና «እሺ፣ ግን ክንዱ ላይ የሳሳውን ድፈኚልኝ» አሉ። ተስማማን።

ሁለተኛው ጉዳይ ከበድ ይላል። አንደኛው ንድፌ ከጎን ነበር፤ ያጎነበሰው ግንባርና ቁልቁል የወረደው አንገት ከጎን ሲታይ ያምራል። እማማ ገና ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ፦ «አንድ ዓይን አታድርጊያት!» ትክክል ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ስዕላችን ቅዱሳን በሁለት ዓይን ነው የሚሣሉት፤ በአንድ ዓይን፣ ከጎን የሚታየው ሰይጣንና ከሃዲ ነው። ስድስት ኪሎ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያሉትን የቆዩ ስዕሎች ያየ ሰው ይህን ሥርዓት በየሰሌዳው ያገኘዋል። እኔ የተማርኩት በሌላ መንገድ ቢሆንም፣ ይህ ስዕል የሚሰቀለው እማማ ቤት፣ ከማርያም ስዕል ጎን ነው። እዚያ ግድግዳ ላይ አንድ ዓይን ምን እንደሚናገር እሳቸው ያውቃሉ። ደግሞም ልጅቱ የምትመረምረው በሁለቱም ዓይኖቿ ነው። ሦስት አራተኛ ዞራ፣ ሁለቱም ዓይኖቿ ወደኛ ይሆናሉ።

ሌሊቱን ሩሲያዊውን ሠዓሊ ሴሮቭን እያሰብኩ አደርኩ። በደርግ ዘመን ብዙ ሠዓሊዎቻችን ሶቭየት ኅብረት ሄደው ስለተማሩ የሩሲያ ሠዓሊዎች ሥራ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ቫለንቲን ሴሮቭ በ1901 እ.ኤ.አ. የሣለው ትንሹ ሚካ ሞሮዞቭ ሞስኮ ትሬቲያኮቭ ጋለሪ ውስጥ አለ። ሕፃኑ ትልቅ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ግን የተቀመጠ አይመስልም፤ እጆቹ መደገፊያውን ጨብጠዋል፣ አካሉ ወደ ፊት አዘንብሏል፣ ዓይኑ ከሸራው ውጭ የሆነ ነገር አይቷል። ከዚያ ወንበር ዘሎ ሊወርድ ነው። ሴሮቭ የልጁን ጠባይ ያገኘው ሊያደርገው የተዘጋጀውን ነገር በመሣል ነው። የእኔዋ ልጅ አትዘልም፤ ትመዝናለች። መንገዱ ግን አንድ ነው።

ሐምሌ 18

ንድፉን ወደ ሸራ አሻገርኩ። ሰፌዱ ከታች ቀኝ ጥግ ተቆርጦ ይገባል፤ ሙሉ ክብ ከሆነ ዓይን ከእሱ አይወጣም። የጠጠሮቹ ሰልፍ ከታች ተነሥቶ፣ በጣቷ በኩል አልፎ ወደ ፊቷ ያመራል።

የመጀመሪያው የቀለም ድርብ በሮ አምበር (ጥቁር ቡናማ ቀለም) እና በአኳራጅ (ቀለም ማቅጠኛ) ብቻ። ጨለማውን በሰፊ ብሩሽ አስቀመጥኩ፤ ብርሃኑን በጨርቅ እየጠረግሁ አወጣሁ። አምበር ቶሎ ይደርቃል፤ ለክረምት ጥሩ ነው። የዘይት ቀለም የሚደርቀው ውኃ እንደሚተን ተኖ ሳይሆን ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ነው፤ ቅዝቃዜና እርጥበት ሲበዛ ነገሩ ይዘገያል። ለዚህ ነው የታችኛው ድርብ ሥሥ፣ የላይኛው ዘይት የበዛበት መሆን ያለበት። ሲገለበጥ ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ታቹ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል።

ለጀማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉ። ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ በራሱ ሊቀጣጠልም ይችላል። እኔ ውኃ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የምጨምረው።

ሐምሌ 25

ቆዳ። እዚህ ላይ መዘግየት አለብኝ፤ ምክንያቱም በእጃችን ያሉት የትምህርት መጻሕፍት «የቆዳ ቀለም» ብለው የሚጀምሩት ከሮዝ ነው፤ ያንን ይዞ አጥቁሮ ጠይም ሰው ለመሣል የሚሞክር ጭቃ ነው የሚያገኘው።

የልጅቱ መሠረታዊ ቀለም በርንት ሲየና (ቀይ ቡናማ) እና አልትራማሪን (ጥልቅ ሰማያዊ) ነው፤ ሲየናው ሲበዛ ሞቅ ይላል፣ አልትራማሪኑ ሲበዛ ይጠልቃል። ጉንጯ ላይ ቢጫ ኦከርና ትንሽ ካድሚየም ቀይ፤ ከዓይኗ በታች ያለው ሥሥ ቆዳ ላይ ትንሽ አሊዛሪን (ጥልቅ ቀይ)። ጥላው ሞቃት ነው፣ ወደ ቀይ ያደላል፤ ብርሃኑ ቀዝቃዛ፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ይህ ከመስኮቱ የመጣ ነው፤ በደመና ያለፈ ብርሃን ግራጫ ሰማያዊ ስለሆነ ግንባሯ ላይ ያረፈው ነጸብራቅ ወደ ሐምራዊ ይጠጋል። ያንን በነጭ ብቻ ለማብራት የሞከረ ሰው ፊቷን ኖራ የተቀባ ግድግዳ ያደርገዋል። ነጭ ቀለም ሲያፈካ ሙቀትንም ይወስዳል። ስለዚህ የግንባሯን ብርሃን በነጭ፣ በአልትራማሪንና በጣም በጥቂት አምበር ሠራሁት፤ ጎኑ ላይ ያለውን ቡናማ ትንሽ አሞቅሁት። ብርሃኑ የበራው ጎረቤቱ በመሞቁ ነው።

ጠይም ቆዳ ላይ ነጸብራቅ ከፈካ ቆዳ ይልቅ ጎልቶ ይታያል፤ በጥላና በብርሃን መካከል ያለው ርቀትም ይሰፋል። የልጅ ቆዳ ላይ ግን ሽግግሩ በጣም ለስላሳ ነው። ጉንጭ የት አልቆ አገጭ የት እንደሚጀምር የሚያሳይ ጠርዝ የለም። ደረቅ ብሩሽ ይዤ ጠርዝ የመሰለኝን ሁሉ አለዘብኩ። ጠንካራ ጠርዝ የተውኩት አራት ቦታ ብቻ ነው፦ የላይኛው ሽፋሽፍት፣ የከንፈሯ መጋጠሚያ፣ የሹራቡ አንገትና ጠጠሯን የነካችው ጣት።

ነሐሴ 3

ፍልሰታ ገብቷል። ልጅቱም ትጾማለች፤ እስከ ቅዳሴ መውጫ ምንም አትቀምስም። እማማ «አትችልም» ቢሉም እሷ ወስናለች። በዚህ ሳምንት ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ነው የምትመጣው፤ ብርሃኑ ስለሚያንስ ፊቷን አልነካም፣ ሹራቡንና ከኋላዋ ያለውን ግድግዳ ሠራሁ።

ፀጉሯ አዲስ ሹሩባ ተሠርቷል፤ ጥብቅ፣ ቀጭን፣ ወደ ኋላ የተሰበሰበ። በንድፉ ጊዜ ግን ላላ ብሎ፣ በግንባሯ ዙሪያ ትንንሽ ፀጉሮች ወጥተው ነበር። የጭንቅላቷ ቅርጽ ጭምር ተለውጧል። ለውጡን አልከተልም። ያ ከግንባሯ የሸሸው ፀጉር ሥራ ላይ ያለ ሰው ፀጉር ነው፤ ሹሩባው ደግሞ የበዓል ነው። ከመጀመሪያው ንድፍ እወስደዋለሁ።

ነሐሴ 8

አፍ።

በፖርትሬት ሁሉም ሰው ዓይን ይላል። ዓይን በእርግጥ ይይዛል፤ ጠባይን የሚያወጣው ግን አፍ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል። ስምንት ዓመት ላይ ያለ አፍ ግንባታ ላይ ነው። ሁለቱ የላይ የፊት ጥርሶች በቅለዋል፣ የአዋቂ ጥርስ በልጅ መንጋጋ ውስጥ፤ ከጎናቸው ያሉት ገና ግማሽ ናቸው። ስለዚህ አፏን ለመግጠም የላይኛው ከንፈር መዘርጋት አለበት። ከከንፈሯ በላይ ያለው ቦታ ትንሽ ተሞልቶ ይታያል፤ ከአፍንጫ ወደ ከንፈር የሚወርደው ቦይ ደግሞ ይሥሣል። የልጅቱ አፍ በጥረት የተዘጋ አፍ ነው። ይህን ጥረት ሳላይ «ቆንጆ ከንፈር» ብሥል ኖሮ ሌላ ልጅ ትሆን ነበር።

ሌላም አለ። ስትቆጥር የቀኝ ጉንጯን ከውስጥ ትነክሳለች። የቀኙ የአፏ ጥግ ወደ ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ላይ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ጥላ ትፈጠራለች። ዛሬ ረፋዱን ሙሉ የሠራሁት እሷን ነው። በርንት ሲየና ከአሊዛሪን ጋር፣ በትንሿ ብሩሽ። አስቀመጥኩ፣ ከሸራው ራቅ ብዬ በመስታወት አየሁት፤ ጥላዋ ወደ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ስትሄድ ልጅቱ ፈገግ አለች። ወደ ታች ስትወርድ አኮረፈች። በጣቴ ጫፍ አለዘብኳት፣ እንደገና አስቀመጥኳት። የከንፈሮቹን መጋጠሚያ መስመር አላደረግሁትም፤ መሐሉ ጠቆር፣ ወደ ዳር እየሳሳ፣ ቀኝ ጥጉ ላይ ብቻ እንደገና ይጠልቃል።

እማማ ቡና ይዘው ብቅ አሉ። ቆመው አዩ። «አኩርፋለች እንዴ?» አሉ።

ጥያቄው ከባድ ነው፣ ምክንያቱም እናቷ ይህን ስታይ ያኮረፈች ልጅ ማየት የለባትም። ኩርፊያ የታችኛውን ከንፈር ወደ ውጭ ይገፋል፤ ጥንቃቄ ደግሞ ወደ ውስጥ ይሰበስበዋል። አፉ ትክክል ነበር፤ ችግሩ ቅንድቧ ላይ ነው። ሁለቱ የቅንድብ ጫፎች መሐል ላይ ተጠጋግተው ነበር፤ ለየት አድርጌ ግራውን ከፍ አደረግሁት። እማማ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «አሁን ልትጠይቅሽ ነው» አሉኝ።

ነሐሴ 14

ሆያ ሆዬው ትናንት አልፏል፣ ግቢው ጸጥ ብሏል፤ እጅ ሠራሁ። የልጅ ጣት ከሥሩ ወፈር ብሎ ወደ ጫፉ ይቀጥናል፤ መገጣጠሚያዎቹ ገና አልወጡም። የመዳፏ ፍካትና የእጇ ጀርባ ጥቁረት የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ሞቅ ያለ ቀይ አለ። ጥፍሯ ሥር ያለውን የምስር ዱቄት አልተውኩትም።

ሰፌዱን አለዘብኩት። የስፌቱን እያንዳንዱን ዙር መቁጠር ያምረኛል፣ ግን ያኔ ሰፌድ ነው የሚሆነው ስዕሉ። ወደ ጣቷ ሲጠጋ ብቻ ጠራ ያለ፣ ወደ ጥጉ ሲሄድ የሚጠፋ። ምስሩም እንደዚሁ፤ ብርቱካናማው ክምር በአንድ ጭረት፣ ጠጠሮቹ ግን አንድ በአንድ። ለእያንዳንዷ ጠጠር ጥላም ብርሃንም ሰጠሁ። እሷ ያከበረችውን እኔም ማክበር አለብኝ።

ነሐሴ 27

ዓይን። ሽፋሽፍቱን ከዓይን በፊት፣ ጥላውን ከሽፋሽፍቱ በፊት። ጭንቅላት አጎንብሶ ዓይን ወደ ላይ ሲያይ ከጥቁሩ በታች ነጩ ይታያል። ነጩ ነጭ አይደለም፤ በጠይም ፊት ላይ ግራጫ ሆኖ እንኳ ይበራል። ከመስኮቱ የመጣው ነጸብራቅ ትንሽ አራት ማዕዘን ነው፤ ግራ ዓይኗ ላይ ብቻ አስቀመጥኩት፤ በቀኙ ላይ የቅንድቧ ጥላ ስላለ አደብዝዤ ተውኩት። ሁለቱም ቢያበሩ ትደምቃለች፣ አንዱ ብቻ ሲያበራ ታተኩራለች።

ጳጉሜ 2

ልጅቱ ዛሬ ሳልጠራት መጣች፣ ወረቀትና ቀለም ይዛ። ለእንቁጣጣሽ የሚሰጥ የአበባና የመልአክ ስዕል እየሠራች ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጣ አደይ አበባ ስትቀባ፣ እኔ የሹራቡን አንገት ጨረስኩ። ብዙ ቆይታ ጠየቀችኝ፦ «እትዬ፣ እኛ ስዕሉን ከሰጠን በኋላ ነው ብር የሚሰጡን። እርስዎ ቀድመው ተቀበሉ?»

ለሸራና ለቀለም ግማሹን እንደተቀበልኩ፣ ሌላው ሲያልቅ እንደሆነ ነገርኳት። አሰበችበት። «እማማ ካልወደዱትስ?»

«እንደገና እሠራዋለሁ።»

ይህ መልስ ተስማማት፤ ወደ አበባዋ ተመለሰች። እኔ ቀና ብዬ ሸራውን አየሁ፤ ያቺው ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ ፊቱን አልነካሁትም።

መስከረም 7

እማማ ቤት ሰቀልነው። ቡና የሚፈላበት ጥግ አጠገብ እንዳይሆን ብያለሁ፤ የከሰሉ ጭስና ዕጣኑ ገና ያልደረቀ ዘይት ላይ ይቀመጣል። ከመስኮቱም ትይዩ አይደለም።

ማታ ለእናቷ በስልክ አሳዩአት። መስመሩ ይቆራረጥ ስለነበር መጀመሪያ ፊቷን ብቻ ነው ያየችው፤ «እንዴት አድጋለች!» አለች። ከዚያ እማማ ስልኩን ወደ ታች፣ ወደ ሰፌዱ ወሰዱት። ለጥቂት ጊዜ ድምፅ የለም፤ መስመሩ የተቋረጠ መሰለን። ከዚያ «አሁንም ትደረድራለች እንዴ?» የሚል ሰማን። የሦስት ዓመት ልጅ ሳለች እናቷ ቡና ስትለቅም የተጣለውን ግርድፍ እየሰበሰበች ወለሉ ላይ በሰልፍ ታስቀምጥ ነበር አሉ። እማማ እንኳ ረስተውታል። ልጅቱ ስልኩን ተቀብላ ስለ ባለሱቁ ነገረቻት፤ ጠጠሮቹን አይቶ አንድ ሲኒ ምስር ጨምሮ እንደሰጣቸው። ይህን ለእኔ አልነገረችኝም ነበር።

የቀረው ቫርኒሽ ነው። ቢያንስ ስድስት ወር መቆየት አለበት፤ ሹራቡ ላይ ወፈር ያለ ቀለም አለ፣ የክረምቱ እርጥበትም አዘግይቶታል። በመጋቢት መጨረሻ መጥቼ እቀባዋለሁ። እስከዚያ አቧራ ቢይዘውም በእርጥብ ጨርቅ እንዳይነኩት ለእማማ ነግሬአለሁ፤ ልጅቱ ሰምታለች፣ ስለዚህ አይነካም።